ከካታማራን ወደ ባለ አንድ ቀፎ የሸራ ጀልባ፦ ለቤተሰብ የሚሆን መረጋጋት ከየት ይመጣል?

ልጅ ሳይወልዱ በትንሽ ካታማራን ሲጓዙ የኖሩ ባልና ሚስት፣ ልጆች ሲመጡ ጀልባቸውን ሸጠው ባለ አንድ ቀፎ የሸራ ጀልባ መግዛታቸው በሸራ ተጓዦች ዘንድ የተለመደ ነው። ውሳኔው ላይ ላዩን ሲታይ ግራ ያጋባል። ካታማራን ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች ያሉት ሰፊ ጀልባ በመሆኑ ውኃ ላይ እንደ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ባለ አንድ ቀፎው ግን ነፋስ በነካው ቁጥር ወደ ጎን ያዘነብላል። ለልጅ የሚሻለው የማያዘነብለው ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን «የተረጋጋ ጀልባ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ መሆኑ፣ ትንሹ ካታማራንም አንደኛውን አትረፍርፎ ሲሰጥ ሁለተኛውን የሚነፍግ መሆኑ ነው። ቤተሰብ የሚያስፈልገው ያ ሁለተኛው ነው።

በቅድሚያ ጥቂት ስያሜዎችን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ቀፎ የምለው ውኃው ላይ የሚያርፈውን የጀልባውን ባዶ አካል ነው። ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን «የነፋስ ወገን»፣ ተቃራኒውን ደግሞ «የከለላ ወገን» እለዋለሁ። በማንኛውም ተንሳፋፊ አካል ላይ ሁለት ኃይሎች ይሠራሉ፤ ክብደቱ በስበት ማዕከሉ በኩል ወደ ታች ይስበዋል፣ የተፈናቀለው ውኃ ደግሞ በተንሳፋፊነት ማዕከሉ በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። ጀልባው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለቱ ማዕከሎች በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ይውላሉ። ሲያዘነብል የተንሳፋፊነት ማዕከሉ ወደ ዘመመው ጎን ይሸሻል፤ በዚህ ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው አግድም ርቀት «የማቃኛ ክንድ» ይባላል። ክንዱ በጀልባው ክብደት ሲባዛ ጀልባውን ወደ ነበረበት የሚመልሰውን «የማቃኛ ሞመንት» ይሰጣል።

ይህን ክንድ ለማግኘት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ስፋት ነው፤ ጀልባው ሰፊ ሲሆን ትንሽ ዘንበል ማለቱ ብቻ የተንሳፋፊነት ማዕከሉን ሩቅ ይወስደዋል። ሁለተኛው ጥልቀት ነው፤ ከቀፎው ሥር ኪል የተባለ ክንፍ አውጥቶ በውስጡ እርሳስ ወይም ብረት ማኖርና የስበት ማዕከሉን ዝቅ ማድረግ። በጠባብ ታንኳ ላይ ለመቆም የሞከረ ሰው የስበት ማዕከል ከፍ ማለት ምን እንደሚያስከትል ያለ ስሌት ያውቀዋል። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት በሚሰጡት ጉልበት መጠን ብቻ ሳይሆን በሚሰጡበት ጊዜም ነው። ስፋት ጉልበቱን የሚለግሰው በመጀመሪያዎቹ ዲግሪዎች ሲሆን ዘንበልታው ሲጨምር ይከዳል። በኪል ያለው ክብደት በአንጻሩ በመጀመሪያ ብዙ አይታወቅም፤ አስተዋጽኦው ከዘንበልታው አንግል ሳይን ጋር እያደገ ሄዶ ምሰሶው ውኃ ሲነካ፣ ማለትም 90 ዲግሪ ላይ፣ ከፍተኛው ደረጃ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ስፋት እንዳይዘነብል የሚከላከል ሲሆን ጥልቀት የዘነበለውን የሚያነሣ ነው።

ሁለት የካሊፎርኒያ ጀልባዎች

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመልከት በአንድ አካባቢና በአንድ ዘመን የተወለዱ ሁለት ጀልባዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። የሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳ በመሥራት የታወቀው ሆቢ አልተር እ.ኤ.አ. በ1968 ሆቢ 14 የተባለውን ካታማራን ካሊፎርኒያ ውስጥ ለገበያ አቀረበ፤ ጥቂት ቆይቶም ተላላቁን ሆቢ 16ን አስከተለ። ይህ ሁለተኛው ከ100,000 በላይ ተመርቶ በዓለም የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ ተዳርሷል። በዚያው ግዛት ፍራንክ በትለር ካታሊና 22 የተባለችውን ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ በ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ አወጣ፤ እርሷም ከ15,000 በላይ ተሠርታለች። ሁለቱም በተጎታች ጋሪ ከመኪና ኋላ ተስበው ወደ ውኃ እንዲደርሱ የታሰቡ ናቸው።

ሆቢ 16 ርዝመቱ 5.05 ሜትር፣ ስፋቱ 2.41 ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ግራም ነው። ካታሊና 22 ርዝመቷ 6.55 ሜትር፣ ስፋቷ 2.34 ሜትር፣ ክብደቷ 1 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከሩብ ያላነሰው በኪሏ ውስጥ ያለ ብረት ወይም እርሳስ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የስፋታቸው ልዩነት 7 ሳንቲሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱም በዘመኑ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊጎተት የሚችለውን የ2.44 ሜትር ስፋት ገደብ ተጠግተዋል። እንግዲህ «ካታማራን ሰፊ ስለሆነ ይረጋጋል» የሚለው አባባል በእነዚህ ሁለት ጀልባዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። ልዩነቱ ያለው በክብደት፣ በተለይም የማን ክብደት ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል በሚለው ላይ ነው።

ሆቢ 16 ነፋስ ሲበረታበት በጥቂት ዲግሪ ዘንበልታ የነፋስ ወገን ቀፎው ከውኃው ይለቅቃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጀልባው በሙሉ የሚያርፈው በከለላው ወገን ቀፎ ላይ ሲሆን፣ የማቃኛ ሞመንቱም ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ይህን ከፍተኛ ሞመንት በግምት ማስላት ቀላል ነው። የጀልባው ክብደት ከከለላው ቀፎ መሐል ወደ 1.05 ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሠራ 150 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ያበረክታል። በድምሩ 140 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት አዋቂዎች ከምሰሶው በሚወርድ ሽቦ ተንጠልጥለው ሰውነታቸውን ከጀልባው ውጭ ሲዘረጉ፣ ይህም ትራፔዝ የሚባለው ነው፣ ክብደታቸው ከዚያው ቀፎ 3.1 ሜትር ገደማ ስለሚርቅ 434 ይጨምራሉ። ድምሩ 585 ያህል ሲሆን ከአራት እጅ ሦስቱ የሰዎቹ ድርሻ ነው።

አሁን ከሁለቱ አዋቂዎች አንዱን አውርደን በምትኩ 25 እና 35 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ልጆችን እናስቀምጥ። የተጓዦቹ ጠቅላላ ክብደት ከ140 ወደ 130 ብቻ ዝቅ ብሏል፤ ለውጡ ኢምንት ይመስላል። ይሁን እንጂ ልጆቹን የሚጠብቅ አዋቂ በሽቦ ሊንጠለጠል አይችልም፤ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ 154 ያበረክታል። ልጆቹ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል በተወጠረው መረብ ላይ መሐል አካባቢ ሲቀመጡ 63 ይጨምራሉ። ድምሩ ከጀልባው ጋር 367 ነው፤ ከቀድሞው 37 በመቶ ጎድሏል። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ጀልባውን ሊገለብጥ የሚበቃው የነፋስ ፍጥነት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ልጆቹ ፈርተው ወይም ተንሸራትተው ወደ ከለላው ቀፎ ከወረዱ አስተዋጽኦቸው ዜሮ ይሆናል፤ ሞመንቱም ወደ 304 ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ጀልባው መዝመም በጀመረበት፣ ጉልበቱ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ከዚህ የምረዳው፣ የትንሹ ካታማራን መረጋጋት የጀልባው ባሕርይ ከመሆኑ ይልቅ የተጓዦቹ ሥራ መሆኑን ነው። ሁለት ቅልጥፍና ያላቸው ጎልማሶች ሲሳፈሩበት የተረጋጋ ይሆናል፤ ሌሎች ሲሳፈሩበት ሌላ ጀልባ ይሆናል። በአምራቹ ሰነድ ላይ የሰፈረው ስፋትና ክብደት ይህን አይነግርም። ከላይ በተጠቀሰው ቤተሰብ ሁኔታ ተጓዦቹ ከጠቅላላው ክብደት 47 በመቶውን ይይዛሉ። በካታሊና 22 ላይ ያው ቤተሰብ 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ልጅ ቢነሣ፣ ቢሮጥ፣ አያት በተሳሳተው ወገን ቢቀመጡ ጀልባዋ ትሰማዋለች እንጂ አትገለበጥም።

ከተገለበጠ በኋላ

መገልበጥን በተመለከተ የሚሰሉ አኃዞች የታሪኩን አጋማሽ ብቻ ይናገራሉ። ለወላጅ ከባዱ ሌላኛው አጋማሽ ነው።

ካታማራን ተገልብጦም የተረጋጋ ነው። ስፋቱ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ የጠቀመውን ያህል ምሰሶው ወደ ታች ዞሮ ሲንሳፈፍም ያገለግለዋል። ለዚህም ነው ብዙ ባለቤቶች ምሰሶው ጫፍ ላይ አየር የያዘ ተንሳፋፊ የሚሰቅሉት፤ ጀልባው ጎኑ ላይ ተኝቶ እንዲቆይና ሙሉ በሙሉ እንዳይዞር ያደርጋል። ጎኑ ላይ የተኛን ሆቢ 16 ለማንሣት ተጓዦቹ የታችኛው ቀፎ ላይ ቆመው በላይኛው ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘው ወደ ኋላ ይንጋለላሉ። ለዚህ በተለምዶ 136 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደሚያስፈልግ ይነገራል። በውድድር ደንቡም ለሁለቱ ተወዳዳሪዎች የተወሰነው ዝቅተኛ ክብደት 129 ኪሎ ግራም ገደማ መሆኑ ጀልባው ለምን ዓይነት ሰዎች እንደተነደፈ ያመለክታል። ከሁለት ልጆች ጋር የወጣ አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወላጅ ጀልባውን ብቻውን ሊያነሣው አይችልም። ልጆቹን ከገመዱ ጀርባ አሰልፎ ማንጋለል በወረቀት ላይ 130 ኪሎ ግራም ይሰጣል፤ ውኃ የጠጣና የሚንቀጠቀጥ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በስሌቱ ውስጥ እንደ ክብደት ሊቆጠር አይገባም።

ሌላም አለ። ጎኑ ላይ የተኛ ካታማራን የተወጠረው መረቡ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ከሰው ዋና በሚፈጥን ፍጥነትም ሊወሰድ ይችላል። ከጀልባው ሁለት ሜትር ርቆ የወደቀ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። በዚያች ደቂቃ ወላጁ ወደ ልጁ ይዋኝ ወይስ ጀልባውን ይያዝ? ይህ ጥያቄ እንዲነሣ የማያደርግ ጀልባ መምረጥ ይቻላል፤ ቤተሰቦች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው አደጋ በአፍንጫ መተከል ነው። የሆቢ 16 ቀፎዎች የፊት ጫፍ ቀጭንና ብዙ አየር የማይይዝ በመሆኑ ከኋላ ነፋስ እየተገፋ ሲበርር የከለላው ቀፎ አፍንጫ ማዕበል ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ ጀልባው በድንገት ሲቆም ተጓዦቹ ወደ ፊት ይወረወራሉ። መድኃኒቱ ሁሉም ሰው ወደ ኋላ መሸሽ ነው። እንደገና የሰው ሥራ።

በኪል የከበደ ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ድንገተኛ ነፋስ ሲመታ ጀልባው ይዘነብላል፤ ሲዘነብል ሸራው ለነፋሱ የሚያቀርበው ገጽታ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ኪሉ ወደ ጎን ተነሥቶ ክንዱ ይረዝማል። ገልባጩ እየደከመ ሲሄድ አቃኚው ይበረታል። ብዙ ጀልባዎች ከመጠን በላይ ሲዘነብሉ አፍንጫቸውን ራሳቸው ወደ ነፋሱ አዙረው ሸራቸውን ያራግፋሉ። ወላጁ ገመዱን ቢለቅቅ ይሻላል፤ ባይለቅቅ ግን ጊዜ አለው። ልጅ የሚፈራው ይህንን ማዘንበል መሆኑ እውነት ነው፤ የ20 ዲግሪ ዘንበልታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈረን ሰው ሁሉ ያስደነግጣል። ፍርሃቱና አደጋው በተለያየ ቦታ መገኘታቸው ይመስለኛል ለመሳሳት የሚዳርገን፦ ካታማራኑ እስኪገለብጥ ድረስ አያስፈራም።

በልዋጩ የሚታጣው ነገር ቀላል አይደለም። ባለ አንድ ቀፎ ከባድ ጀልባ በራሱ ማዕበል ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ፍጥነቱ በውኃ ላይ ባለው ርዝመቱ ይወሰናል። የካታሊና 22 የውኃ መስመር 5.89 ሜትር ስለሆነ ልማዳዊው ስሌት 5.9 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጣታል። የካታማራን ቀፎ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ይህ ሕግ በደንብ አይገዛውም፤ ሆቢ 16 በጥሩ ነፋስ ከ15 ኖት በላይ ይሄዳል። ይህ የፍጥነት ብልጫ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ናትናኤል ሄረሾፍ እ.ኤ.አ. በ1876 አማሪሊስ የተባለች ካታማራኑን ኒው ዮርክ ላይ ከባለ አንድ ቀፎ ጀልባዎች ጋር አወዳድሮ ስላሸነፈ፣ የዚህ ዓይነት ጀልባ ከመደበኛው ውድድር ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ፍጥነትን የለመደ ሰው ካታሊና ላይ ሲቀመጥ ቅር ይለዋል። በምትኩ ጥልቅ መቀመጫ፣ ልጅ የሚተኛበት ትንሽ ክፍል፣ ነፋስ ሲጠፋ የሚያገለግል አነስተኛ ሞተር ያገኛል። አቅጣጫ ሲቀይርም ክብደቱ በነፋሱ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ቀላሉ ካታማራን ግን እንቅስቃሴውን ቶሎ ስለሚያጣ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የመቅረት ልማድ አለው።

የቀፎ ቁጥር አይደለም

እስካሁን የተባለውን በካታማራን ሁሉ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። የጀልባን ልክ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብናደርገው ክብደቱ 8 ጊዜ፣ ክንዱ 2 ጊዜ ስለሚያድግ የማቃኛ ሞመንቱ 16 ጊዜ ያድጋል። የሸራው ስፋት 4 ጊዜ፣ ከፍታው 2 ጊዜ ስለሚጨምር ገልባጩ ሞመንት 8 ጊዜ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ከባድ የጉዞ ካታማራን የሰው ክብደት ሳይጨመርበት ራሱን ይሸከማል፤ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ብዙ ቤተሰቦች እርሱን የሚመርጡትም በበቂ ምክንያት ነው። ቢሰነጠቅ እንኳ ኪል ስለሌለው ወደ ታች የሚስበው ነገር የለም፤ ብዙዎቹ ውኃ ሞልቷቸውም ይንሳፈፋሉ። በኪል የከበደው ጀልባ ውኃ ከሞላበት ይሰጥማል።

በተቃራኒው ባለ አንድ ቀፎ መሆን ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ኢያን ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1957 የነደፈው ዌይፋረር 4.82 ሜትር ርዝመትና 169 ኪሎ ግራም የቀፎ ክብደት ያለው፣ ክብደት አልባ ሰሌዳ እንጂ ኪል የሌለው ጀልባ ነው። ፍራንክ ዳይ በዚሁ ዓይነት ጀልባ ከስኮትላንድ ወደ አይስላንድ ተጉዟል። ይሁንና ዌይፋረርም እንደ ሆቢ በሰው ክብደት የሚቆም ነው፤ በሰው ድርሻ ስሌት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ከካታማራን ወደ እንዲህ ያለ ጀልባ የተሻገረ ቤተሰብ ቀፎ ቀነሰ እንጂ መረጋጋቱን ከሰው ወደ ጀልባው አላዛወረም።

ኪል ያላቸውም ቢሆኑ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በተካሄደው የፋስትኔት ውድድር ላይ ከተሰለፉት 303 ጀልባዎች 24ቱ በባሕር ላይ ተጥለዋል፣ 5ቱ ሰጥመዋል፣ 15 ተወዳዳሪዎችም ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በተካሄዱ ጥናቶች ሰፊና ቀላል የሆኑ ባለ አንድ ቀፎ ጀልባዎች በማዕበል ሲገለበጡ ተገልብጠው የመቆየት ዝንባሌ እንዳላቸው ታየ። ንድፍ አውጪዎቻቸው ለፍጥነት ሲሉ ጥልቀትን በስፋት ለውጠው ስለነበር፣ ጀልባዎቹ በከፊል የካታማራንን ባሕርይ ወርሰዋል ማለት ይቻላል። ዛሬ አይኤስኦ 12217 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የጀልባን የመረጋጋት ከርቭ በሙሉ፣ በተለይም መረጋጋት የሚያከትምበትን አንግል የሚመለከተው ከዚህ ልምድ የተነሣ ጭምር ነው።

ለካታሊና 22 ገዢ ይህ ረቂቅ ጉዳይ በአንድ ብሎን ላይ ይወርዳል። የጀልባዋ አንዱ ዓይነት ኪል በማጠፊያ ላይ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ሲነሣ ጀልባዋ በ0.61 ሜትር ውኃ ላይ እንድትንሳፈፍ፣ ሲወርድ 1.52 ሜትር ጥልቀት እንዲኖራት ያደርጋል። ለጋሪ መጎተት እጅግ ምቹ ነው። ወርዶ ሳለ ግን በብሎን ካልተቆለፈ፣ ጀልባዋ ከ90 ዲግሪ አልፋ ስትዞር ከሩብ ቶን የማያንሰው ብረት ወደ ማደሪያው ተመልሶ ሊወድቅ፣ የማቃኛ ክንዱም በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። የክፍሉ መግቢያ በርና የመቀመጫ ሥር ሣጥኖች ክዳንም እንዲሁ ናቸው፤ ክፍት ከሆኑ ጀልባዋ ለመነሣት ጉልበት እያላት በውኃ ልትሞላ ትችላለች። ነፋስ በበረታበት ቀንም በሩን ከፍቶ መጓዝ የተለመደ መሆኑ ያሳስበኛል።

ገዢው በሰነድ ላይ ብቻ እንዲደገፍ አያስፈልግም። ከ6 ሜትር ለሚያንሱ ጀልባዎች በመስፈርቱ የተቀመጠው የመነሣት ሙከራ በመሠረቱ ምሰሶውን ውኃ እስኪነካ ጎትቶ መልቀቅና ጀልባው መነሣቱን ማየት ነው። ይህን በጸጥታ ቀን፣ መትከያ አጠገብ፣ ሰው ሳይሳፈር፣ ክዳኖች ተዘግተውና ኪሉ ተቆልፎ ማድረግ ይቻላል። በሸራ መስቀያው ገመድ ላይ የሱቅ የስፕሪንግ ሚዛን ቢታሰር ደግሞ ሙከራው ልኬት ይሆናል፦ ምሰሶው አግድም በተኛበት ሚዛኑ የሚያነበው ኪሎ ግራም በምሰሶው ርዝመት ሲባዛ በ90 ዲግሪ ላይ ያለውን የማቃኛ ሞመንት ይሰጣል። ለምሳሌ በ7.5 ሜትር ርቀት ላይ 15 ኪሎ ግራም ከተነበበ ሞመንቱ 112 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ነው። የረጠበ ሸራ ውኃ ስለሚሸከም ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ንባብ ዋናው ሸራ ተሰቅሎ ሳለ መወሰድ ይኖርበታል።